አንድ ሳጥን ብንቀይርስ? ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ እንዲሄድ ማድረግ

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወረዳው በስተደቡብ የበሽሎ ሸለቆ አለ፤ በስተምዕራብ ስማዳ፣ በስተሰሜን ምዕራብ ደግሞ ላይ ጋይንት ያዋስኑታል። እዚህ አካባቢ ክረምት ላይ ዝናቡ ካባራ በኋላ ዝቅ ብላችሁ መሬቱን ብታዩ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። መኪና ቀጥ ብሎ ባለፈበት ጭቃ ላይ ያለው የጎማ አሻራ ሁለት መስመር ነው፤ የኋላው ጎማ የፊተኛውን አሻራ እየረገጠ ስለሚከተል። መኪናው በታጠፈበት ቦታ ግን መስመሮቹ አራት ይሆናሉ። የፊት ጎማዎች በውጭ በኩል ሰፋ አድርገው ይዞራሉ፣ የኋላዎቹ ወደ ውስጥ ያቋርጣሉ።

አራት መስመር ማለት አራት የተለያየ ርቀት ማለት ነው። አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ውስጥ የተለያየ ርቀት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው። ዛሬ የምናወራው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና በተለመደው ጊዜ በኋላ ጎማ ይሄዳል፤ ጭቃ ሲገጥመው ሹፌሩ ትንሿን ማርሽ ስቦ የፊቱንም ያስገባል። ይህንን መኪና፣ አስፋልት ላይም ጭቃ ላይም ሳይል፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል? አዎ፣ ለአንዳንድ መኪኖች ይቻላል። የሚቀየረውም በዋናነት አንድ ሳጥን ነው፦ ትራንስፈሩ። ግን ሳጥኑን ከመፍታታችን በፊት ውስጡ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ትራንስፈር ምንድን ነው?

የሞተሩ ጉልበት መጀመሪያ ወደ ካምቢዮ ይገባል። በኋላ ጎማ ብቻ በሚሄድ መኪና ከካምቢዮው አንድ ረጅም ዘንግ ወጥቶ ወደ ኋላ ዲፍረንሻል ይሄዳል፣ አለቀ። በባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ግን ከካምቢዮው ጀርባ ሌላ ሳጥን አለ። ይህ ሳጥን ጉልበቱን ለሁለት ዘንጎች ያከፋፍላል፤ አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት። ትራንስፈር የምንለው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሌላም ሥራ አለው፦ ለከባድ ዳገትና ቁልቁለት የሚሆን ቀርፋፋ ማርሽ። ይህ ማርሽ ፍጥነቱን በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይቀንስና የማዞር ኃይሉን በዚያው መጠን ያሳድገዋል።

ዲፍረንሻልስ? ፊትና ኋላ ያሉት ሁለቱ ዲፍረንሻሎች የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳሉ። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀኙ ጎማ የበለጠ ርቀት መሄድ አለበት፤ ዲፍረንሻሉ «እሺ፣ አንተ ፍጠን፣ አንተ ዘግይ» ይላቸዋል። ሁለቱ ጎማዎች ሳይጣሉ ይታጠፋሉ።

አሁን ልብ በሉ፦ የግራና የቀኝ ልዩነት ተፈታ። የፊትና የኋላ ልዩነትስ? በጭቃው ላይ ያያችኋቸው አራት መስመሮች ሁለቱም ልዩነት እንዳለ ይመሰክራሉ።

አንድ ሜትር ወዴት ይሂድ?

በተለመደው ትራንስፈር ውስጥ ሹፌሩ የፊቱን ሲያስገባ ሁለቱ ዘንጎች በብረት ጥርስ ይቆለፋሉ። ከዚያ በኋላ የፊቱ ዘንግ አንድ ዙር ከዞረ የኋላውም የግድ አንድ ዙር ይዞራል። ልዩነት የሚባል ነገር የለም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በቁጥር እንየው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2.85 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ፤ ላንድክሩዘር 80 ይህን ያህል ነው። መኪናው ሲታጠፍ የኋላው አክስል መሀል 6 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ላይ ይሂድ። የፊተኛው መሀል የሚሄድበት ራዲየስ በፓይታጎረስ ይወጣል፦ የ6 ካሬ 36 ነው፣ የ2.85 ካሬ 8.12 ገደማ ነው፣ ድምሩ 44.12፣ ስኩዌር ሩቱ 6.64 ሜትር። አንድ አራተኛ ክብ ሲታጠፍ፣ ማለትም አንድ ተራ የመንገድ ማዕዘን ላይ፣ የኋላው 9.42 ሜትር፣ የፊተኛው 10.43 ሜትር ይሄዳሉ። ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው!

የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 78 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 2.45 ሜትር ነው። ስለዚህ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ በአማካይ በ0.41 ዙር ይበልጣሉ። ዲፍረንሻሉ ውስጥ ዘንጉ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ በዘንጎቹ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1.7 ዙር ይደርሳል። የተቆለፈው ትራንስፈር ግን ይህን ልዩነት ዜሮ አድርጉ ይላቸዋል።

ጭቃ ላይ ችግር የለም። ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ያንን አንድ ሜትር መሬቱ ላይ ያራግፈዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው አጥብቆ ይይዛል፤ መንሸራተት እምቢ ይላል። ልዩነቱ መሄጃ ሲያጣ ዘንጎቹን እንደ ፎጣ መጠምዘዝ ይጀምራል። ሹፌሩ ፍሬን የተያዘ ያህል ይሰማዋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል። ትንሿን ማርሽ ወደ ቦታዋ ሊመልሳት ሲል ደግሞ አትወጣም፤ ጥርሶቹ በጭነት ተጣብቀዋልና። እንዲህ ሲሆን በጉልበት መታገል አያስፈልግም። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ወይም አንዱን በኩል ጎማዎች ወደ ጠጠር ማውጣት ብዙ ጊዜ ጥምዘዛውን ያላቅቀዋል። ይህን ሳያውቁ በዚያው ከቀጠሉ የሚሰበረው ጥርስ፣ ኩሽኔታ ወይም ክሮቼራ ነው።

ቀጥታ መንገድ ላይስ? ጎማዎቹ እኩል ካልሆኑ እዚያም ችግሩ አለ። ፊት ያረጀ፣ ኋላ አዲስ ጎማ ተገጥሞ በመጠናቸው መካከል የ1 በመቶ ልዩነት ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የአራት ዙር ልዩነት ይጠራቀማል።

ሦስተኛው ዲፍረንሻል

መፍትሔው አንዴ ከተነገረ ቀላል ይመስላል። ለግራና ቀኝ የሠራው ብልሃት ለፊትና ኋላም ይሠራል። ትራንስፈሩ ውስጥ ሌላ ዲፍረንሻል እናስገባ! መሀል ላይ ስለሚቀመጥ የመሀል ዲፍረንሻል ይባላል። ያ አንድ ሜትር አሁን መሄጃ አገኘ፤ የፊቱ ዘንግ ይፈጥናል፣ የኋላው ይዘገያል፣ ማንም አይጠመዘዝም። ስለዚህ መኪናው ደረቅ አስፋልት ላይም ዓመቱን ሙሉ በአራቱም ጎማ መሄድ ይችላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም መኪና እንዲህ አልተሠራም? ዲፍረንሻል አንድ አመል ስላለው ነው። ፍጥነትን እንዲለያዩ ይፈቅዳል፤ የማዞር ኃይልን ግን ለሁለቱም ወገን በተወሰነ ምጥጥን ያካፍላል፣ ብዙ ጊዜም እኩል። ስለዚህ አንዱ ወገን ምንም መያዝ ካልቻለ ሌላውም ምንም አያገኝም። ለደካማው የሚደርሰውን ያህል ነው ለብርቱውም የሚደርሰው።

እንደገና በቁጥር። 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 15 በመቶ የሆነ ዳገት ለመውጣት ወደ 3,500 ኒውተን ግፊት ያስፈልገዋል። ክብደቱ በአራቱ ጎማ እኩል ተከፋፍሏል እንበል፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን በ6,000 ኒውተን ገደማ ይጫናል። እርጥብ ጭቃ ከዚያ ሩቡን፣ ማለትም 1,500 ኒውተን ቢይዝ፦

በሁለት ጎማ፦ 3,000 ኒውተን። አይወጣም።

በአራት ጎማ፦ 6,000 ኒውተን። ይወጣል።

አሁን ሌላ ሁኔታ አስቡ። የኋላ ጎማዎች ጠጠር ላይ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 3,000 ኒውተን መያዝ ይችላሉ። የፊቶቹ ግን ልስልስ ያለ ጭቃ ውስጥ ገብተው 300 ኒውተን ብቻ ነው የሚይዙት። የመሀል ዲፍረንሻሉ ካልተቆለፈ ኋላዎቹም የሚያገኙት 300 ብቻ ነው፤ ድምሩ 1,200 ኒውተን። መኪናው የፊት ጎማዎቹን እያሽከረከረ ባለበት ይቆማል። መሀሉ ከተቆለፈ ግን የኋላዎቹ ሙሉ አቅማቸውን ይጠቀማሉ፤ ድምሩ እስከ 6,600 ኒውተን ይደርሳል።

ያልተቆለፈው መኪና በአራት ጎማ እየሄደ፣ በኋላ ጎማ ብቻ ከሚሄደው አነሰ! ይህ ነጥብ ትልቅ ነው። የመሀል ዲፍረንሻል ያለ መቆለፊያ ለገጠር መንገድ አይበቃም። ስለዚህ መሐንዲሶች ሦስት ዓይነት መላ አበጁ። አንደኛው ሹፌሩ ራሱ የሚቆልፈው የብረት ጥርስ ነው። ሁለተኛው በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ፣ ቀጫጭን ሳህኖች የተደረደሩበት ጣሳ ነው፤ የፊቱና የኋላው ፍጥነት ሲራራቅ ፈሳሹ ይቃወምና ጉልበቱን ወደሚይዘው ወገን ይገፋል። ሦስተኛው ቶርሰን የሚባለው፣ በጥርሶቹ ቅርጽ ራሱ የሚሠራ ነው።

ጉልበትን በብዙ መያዣ ማከፋፈል ለጋይንት አዲስ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አንስተው፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርገው፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ አደረሱት። መንገዱን እየጠረጉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየሳቡት። 7 ቶን 15 በመቶ ዳገት ላይ ለመያዝ ብቻ ከ10,000 ኒውተን በላይ ይጠይቃል። አንድ ሰው በ200 ኒውተን ቢስብ፣ የመንኮራኩሩ ሰበቃ ሳይቆጠር ከ50 ሰው በላይ ማለት ነው። ከሳቢዎቹ የአንዱ እግር ቢያንሸራትት ሌሎቹ ይይዙታል። የተቆለፈ ትራንስፈር የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ሳጥኑን መቀየር፦ እነማን አደረጉት?

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨር ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚቆለፍ የመሀል ዲፍረንሻል ነበረው። የድሮዎቹ፣ በአገራችን ገጠር በደንብ የሚታወቁት ላንድሮቨሮች ግን የፊቱን በማርሽ የሚያስገቡ ነበሩ። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለተኛውን ትውልድ ፓጄሮ ሲያወጣ ሁለቱን ባሕርይ ያጣመረ ትራንስፈር አቀረበ። ሱፐር ሴሌክት ይሉታል። በኋላ ጎማ ብቻ፣ በአራቱም በመሀል ዲፍረንሻል፣ በአራቱም ተቆልፎ፣ በመጨረሻም ተቆልፎ በቀርፋፋው ማርሽ መሄድ ይቻላል። ሱዙኪም የድሮው ቪታራ የፊቱን በማርሽ የሚያስገባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ግራንድ ቪታራ የመሀል ዲፍረንሻል ያለው ነው።

አንድ አምራች ለተመሳሳይ መኪና ሁለት ዓይነት ትራንስፈር ሲሠራ በሩ ይከፈታል። በጣም የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው ጂፕ ቼሮኪ ነው። መኪናው በሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር፦ የፊቱን በማርሽ የሚያስገባው ኮማንድ ትራክ፣ እና የመሀል ዲፍረንሻል ያለው ሴሌክ ትራክ። ሁለቱ ሳጥኖች ከካምቢዮው ጋር የሚታሰሩበት የቡሎን አደራደር አንድ ነው፤ የቀርፋፋው ማርሽ መጠንም እኩል፣ 2.72 ነው። ስለዚህ ባለቤቶች ከተጣለ መኪና ላይ ሴሌክ ትራኩን ፈትተው የራሳቸው ላይ ይገጥማሉ። በሚትሱቢሺም የፓጄሮውን ሱፐር ሴሌክት ኤል 200 ላይ የሚገጥሙ አሉ።

የሚገርመው፣ በተቃራኒው የሚሄዱም አሉ። አንዳንድ የላንድክሩዘር 80 ባለቤቶች የመሀል ዲፍረንሻሉን አውጥተው መኪናውን በኋላ ጎማ የሚሄድ፣ የፊቱን ሲያስፈልግ የሚያስገባ ያደርጉታል። እነሱ የሚፈልጉት የሚሽከረከር ዕቃ መቀነስ ነው። ሁለቱም ወገን ሞኝ አይደለም፤ መንገዳቸው ነው የተለያየው።

ከመግዛታችሁ በፊት ምን ይለካል?

አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ «የእንትን ትራንስፈር አለ?» ማለት ቀላል ነው። የተገዛው ሳጥን አለመግጠሙ የሚታወቀው ግን ብዙ ጊዜ መኪናው ከተፈታ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድመው የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ላይ ስንት ጥርስ አለ? የአዲሱ ሳጥን መግቢያ ስንት ነው? ሞዴሉ አንድ ሆኖ የምርት ዘመኑ ሲለያይ የጥርሱ ቁጥር ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የፊቱ ዘንግ የሚወጣው በግራ ነው በቀኝ? የፊት ዲፍረንሻላችሁ በዚያው በኩል መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ የሳጥኑ ርዝመት። አዲሱ ከረዘመ የኋላው ዘንግ ማጠር፣ የፊቱ መርዘም ሊኖርበት ይችላል። የተቆረጠና የተበየደ ዘንግ ደግሞ በሚዛን መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ በፍጥነት ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታም ይበላል።

አራተኛ፣ የፊትና የኋላ ዲፍረንሻል የጥርስ ምጥጥን እኩል ነው? ካልሆነ የመሀል ዲፍረንሻሉ ቀጥታ መንገድ ላይም ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል።

አምስተኛ፣ የፊት ጎማው ዘንግ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ምን ዓይነት ነው? መስቀል ያለው ተራ ክሮቼራ ሲታጠፍ የሚያስተላልፈው ፍጥነት ወጣ ገባ ይላል። ጭቃ ላይ አልፎ አልፎ ቢሆን አይታወቅም። ሁልጊዜ፣ አስፋልት ላይ ሲሆን ግን መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ለሁልጊዜ የሚሆነው በማንኛውም ማዕዘን ፍጥነቱን እኩል የሚያስተላልፈው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው።

ስድስተኛ፣ የፍጥነት መለኪያው፣ የማርሽ ዘንጓ፣ የመብራት ሽቦውና ኤቢኤስ ካለ እሱም ከአዲሱ ሳጥን ጋር መስማማት አለባቸው። በተለይ ኤቢኤሱ፤ ፍሬን ላይ ሙከራ አይደረግም።

ሁሉም ተገጥሞ የማይንቀሳቀስ መኪና

አንድ እንቆቅልሽ። ትራንስፈሩ በትክክል ተቀይሯል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሽ ገብቷል፤ መኪናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የፊቱ ረጅም ዘንግ ብቻ ይሽከረከራል። ምን ተፈጠረ?

ብዙ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪኖች የፊት ጎማ መሀል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። ሲፈታ ጎማው ከዘንጉ ይለያያል፤ በኋላ ጎማ ሲሄዱ የፊቱ ዕቃ በከንቱ እንዳይዞር። አሁን መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። የፊቱ መቆለፊያ ከተፈታ የፊቱ ዘንግ ምንም የሚገፋው ነገር የለም። ምንም ካልገፋ፣ በመሀል ዲፍረንሻሉ አመል መሠረት ኋላውም ምንም አያገኝም። ስለዚህ የመሀል ዲፍረንሻል ሥራ ላይ ባለበት መኪና የፊት ጎማዎቹ ከዘንጋቸው ጋር ሁልጊዜ መያያዝ አለባቸው። ይህንኑ ገልብጣችሁ እዩት፦ የፊቱ ዘንግ መንገድ ላይ ቢሰበር፣ መሀሉን ቆልፎ በኋላ ጎማ ቤት መግባት ይቻላል።

ታዲያ ለጋይንት መንገድ ይጠቅማል?

በብዙ ወረዳዎች ሕመምተኛና ወላድ የሚያመላልሰው አምቡላንስ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፤ የፊቱን በማርሽ የሚያስገባ። ሥራው የተቀላቀለ መንገድ ላይ ነው። ከቀበሌ በጭቃ ወጥቶ፣ ጠጠር ይዞ፣ ከዚያም በነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዋናው መንገድ ላይ ይገባል። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ መሬቱ በየኪሎ ሜትሩ ይቀያየራል፤ እዚህ ደርቋል፣ ከጥላው ሥር እርጥብ ነው፣ ከድልድዩ ወዲያ ጭቃ ነው። የመሀል ዲፍረንሻል ያለው ትራንስፈር የሚመቸው እዚህ ነው። ሹፌሩ ማርሿን ሲያስገባና ሲያወጣ አይውልም፤ በእርጥብ መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ጉልበቱ በኋላ ሁለት ጎማ ላይ ብቻ ስለማይወድቅ ጅራቱ የመንሸራተት ዕድሉ ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ግን አይለወጥም። አንደኛው ፍሬን ነው። ባለ አራት ጎማ መኪናም ሆነ ባለ ሁለት የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነው፤ ጎማው የሚይዘውን ያህል ብቻ። ዳገቱን በቀላሉ የወጣ መኪና ቁልቁለቱ ላይ በቀላሉ ይቆማል ማለት አይደለም። ይህን የረሳ ሹፌር ከፍጥነቱ በላይ ይተማመናል፣ አደጋውም ያን ጊዜ ነው። በቁልቁለት የሚረዳው ቀርፋፋው ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። በስሌታችን ውስጥ ሁሉም ቁጥር የተነሣው ጎማው መሬቱን ምን ያህል ይይዛል ከሚለው ነው። አራቱም እኩል መጠን ያላቸው፣ ጥርሳቸው ያላለቀ ጎማዎች ከሌሉ የትኛውም ሳጥን አያድንም። ለትራንስፈርም ለጎማም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ጎማው ይቅደም።

እንደ መሐንዲስ ምክሬ ይህ ነው። መኪናው በአብዛኛው አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ የሚሄድና ጭቃ የሚነካው አልፎ አልፎ ከሆነ ባለበት ይቆይ፤ ሹፌሩ ትንሿን ማርሽ መቼ ማስገባትና መቼ ማውጣት እንዳለበት ይማር። መንገዱ የተቀላቀለ ከሆነና አምራቹ ራሱ ለዚያው ሞዴል የሚቆለፍ የመሀል ዲፍረንሻል ያለው ትራንስፈር ሠርቶ ከነበረ፣ መቀየሩ ትርጉም አለው። ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀዳዳ አስፍቶ ካልሆነ የማይገባ ሳጥን ከሆነ ግን ይቅር። አምቡላንስ በበሽሎ ቁልቁለት መካከል በተበየደ ዘንግ ምክንያት ቢቆም፣ ዋጋውን የሚከፍለው ከኋላ የተኛው ሕመምተኛ ነው።